በሰሌን ላይ የቆመው ቀይ መኪና

ነጋዴው ጀዕፈር በአዲሱ ስፖርት መኪናው አፍንጫና በጋራዡ ግንብ መካከል፣ ለማረፍ እንደ ተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ሞቶ ተገኘ። ከማጅራቱ የወረደው ደም በነጭ ሸሚዙ ላይ ደርቋል። ኢንስፔክተር ብርቄ ተጠርታ ወደ ሐርተሼክ መውጫ ካለው ጋራዥ ስትደርስ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን በቀዩ ቀለም ላይ ይነሰንሳል።

ግቢው ወደ ግንቡ ያዘቀዝቃል። ቀድሟት የደረሰው የትራፊክ ፖሊስ ጉዳዩን በልቡ ጨርሶታል።

«ፍሬን ሳይያዝለት ቀርቶ ተንሸራተተና ሰውየውን ከግንቡ ጋር አጣበቀው። ጠዋት መኪናውን ሲነካካ ያረፈደው የጋራዡ ባለቤት ማቲዎስ ነው። ይዤው ልሄድ ነው።»

«አይሸሽም፤» አለች ብርቄ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገሠኝ።»

በርከክ ብላ ጎማዎቹን አየች። አራቱም በሰሌን ላይ ቆመዋል። የሰሌኑን ዳር በጣቷ አንሥታ መለሰችና ተነሣች።

ማቲዎስ ዘይት የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል። ከብርቄ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«ሰሌኑን ማን አነጠፈው?»

«እኛው ነን። መኪና የምንወድ አራት ሰዎች ነን፤ ጀዕፈር፣ ዐብዲፈታህ፣ ኤፍሬምና እኔ። አዲስ መኪና ወደ ከተማው ሲገባ ጎማው እንዳይቆሽሽ በሰሌን ላይ እናቆመዋለን። ከዚያ እያንዳንዳችን በሹፌሩ ወንበር ተቀምጠን ፍርዳችንን እንሰጣለን፤ ዐብዲፈታህ በስልኩ መኪናውን ፎቶ ያነሣል፣ ድምፃችንንም ይቀዳል። ያልተቀመጠ አይፈርድም።»

«ዛሬስ?»

«ጠዋት በሦስት ሰዓት አደረግነው። በስድስት ሰዓት ከሠራተኞቼ ጋር ምሳ ወጣሁ። በስምንት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ብርቄ፣ ይህ መኪና ዝም ብሎ አይንሸራተትም።»

«ባለፈው ዓመትም ስለ ፍሬን ቃል ሰጥተህ ነበር።»

ማቲዎስ ዐይኑን ሰበረ። ጀዕፈር የዚህን መኪና የቀድሞ ሞዴል ሲያበርር የኤፍሬምን እኅት ሃኒን ገጭቶ በገደለ ጊዜ፣ ፍሬኑ በድንገት ተበላሽቶ ነበር ብሎ የመሰከረው እርሱ ነው። በዚያ ቃል ጀዕፈር ነጻ ወጣ፤ ሽማግሌዎችም ኤፍሬምን ከእርሱ ጋር እጅ አጨባበጡት።

ጅምላ ነጋዴው ዐብዲፈታህ ከጁምዓ ሶላት ከጎረቤቶቹ ጋር የተመለሰው በስምንት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ተኩል ወደ መስጊድ ሲያልፍ ጀዕፈርን በጋራዡ በር ላይ በሕይወት አይቶታል።

«መኪናውን እንዴት አገኙት?» አለችው ብርቄ።

«ወላሂ፣ ሟቹን አላህ ይማረው እንጂ መኪናውስ አናዶኛል። መሪውን ከላይም ከታችም ቆርጠውት የተነከሰ ብስኩት አስመስለውታል። ሞተሩ ዝም ብሎ ድምፅ ማጉያው ነው በሐሰት የሚያገሣው። ወንበሩ ግን እቅፍ ያደርጋል፤ ያንን አልክድም። የቀረው ሁሉ በጣት መንካት ሆኗል፤ ከመሪው በቀር በእጅ የሚጨበጥ ነገር አልተዉልንም።»

«ለጀዕፈር ነገሩት?»

«ነገርኩት እንጂ። ‹አንተ ግመል ላይ ብትቀመጥም ማርሽ ትፈልጋለህ› ብሎ ሳቀብኝ።»

የቢሮ ሠራተኛው ኤፍሬም ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ግራጫ ኮቱን እስከ መጨረሻው ቆልፎ ቆሟል።

«አንተስ ምን ፈረድህ?»

«ጥሩ መኪና ነው። የፊት መብራቱ ቀጥኗል፣ የኋላ ክንፉ ከፍ ብሏል። ሰው ለመግደል ከቀድሞው የሚያንስ ነገር የለውም።»

«ከጀዕፈር ጋር ታርቃችሁ አልነበረም?»

«እጄ ታርቋል።»

«ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርህ?»

«ቤቴ፤ ብቻዬን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ ማቲዎስን ያዢው። ጠዋት ከመኪናው ሲወርድ የእጅ ፍሬኑን እጀታ ሳይስበው ትቶት ነው የወጣው። በዐይኔ አይቻለሁ። አምና በፍሬን ሰው አዳነ፤ ዘንድሮ በፍሬን ሰው ገደለ።»

ብርቄ ቃሉን ጽፋ አነበበችለት። ፈረመበት።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁሉንም በመኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«መኪናው አልተንሸራተተም፤» ስትል ጀመረች። «ተንሸራትቶ ቢሆን ሰሌኑ ከጎማዎቹ ሥር በተጨማደደ ነበር። ጎማዎቹ ዐብዲፈታህ ጠዋት ባነሡት ፎቶግራፍ ላይ ከቆሙበት ጣት ያህል አልተነቃነቁም። እንግዲያው አንድ ሰው ጀዕፈርን ከኋላው በብረት መትቶ፣ አስከሬኑን እዚህ አስቀምጦ አደጋ አስመሰለው።»

«ለምን በፍሬን?» አለ የትራፊክ ፖሊሱ።

«ማቲዎስ እንዲጠየቅበት። ገዳዩ በአንድ ምት ሁለት ሰው ሊጥል ነው ያሰበው። አሁን ግባና የእጅ ፍሬኑን እጀታ አሳየን።»

ከሟቹ ኪስ በተገኘው ቁልፍ በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ በወንበሮቹ መካከል በእጁ ዳሰሰ፤ ጎንበስ ብሎ እንደገና ዳሰሰ።

«እጀታ የለም፣ ኢንስፔክተር።»

«አዎን፤ ከዚህኛው ሞዴል ላይ አንሥተውታል። ሞተሩ ሲጠፋ መኪናው ፍሬኑን ራሱ ይይዛል። በዚህ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዐብዲፈታህ፣ የጠዋቱን ያሰሙን።»

ከስልኩ የጀዕፈር ሳቅ፣ የማቲዎስ አድናቆት፣ የዐብዲፈታህ ምሬት ተሰማ። በመጨረሻ የኤፍሬም ድምፅ መጣ፦ «መቀመጥ አያሻኝም። የእኅቴን ገዳይ ከነብሎኑ ዐውቀዋለሁ።»

«ሥርዓታችንን ማፍረሱ ነበር፤» አለ ዐብዲፈታህ ቀስ ብሎ። «ግን ማን ደፍሮ ተቀመጥ ይበለው?»

«ኤፍሬም ዓመት ሙሉ ያጠናው የቀድሞውን ነው፤» አለች ብርቄ። «በዚያኛው ላይ እጀታ ነበረ። በሌለ እጀታ ላይ ምስክርነት የሚፈርም፣ አደጋውን በራሱ የፈጠረው ሰው ነው። ማቲዎስ ከሠራተኞቹ ጋር ነበር፤ ዐብዲፈታህ በመስጊድ ነበሩ። ኤፍሬም፣ አንተ ግን ብቻህን ነበርህ።»

ኤፍሬም አልካደም።

«በሰባት ሰዓት ደውሎ ጠራኝ። ‹ሰው በሌለበት አንድ ጊዜ ተቀመጥበትና ይቅር በለኝ› አለኝ። በሩን ሊከፍትልኝ ዞረ። የጎማ መፍቻው ከእግሬ ሥር ነበር።» ወደ ማቲዎስ ተመለከተ። «ስለ እርሱ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ይህ ሰው ዛሬ ቤቱ ማደሩ ነው።»

የትራፊክ ፖሊሱ ማቲዎስን፣ «ሂድ፤ ነጻ ነህ፤» አለው። ማቲዎስ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«የአምናው ፍሬን ደኅና ነበር፤» አለ በመጨረሻ። «ጀዕፈር በፍጥነት ነው የገደላት። ለመነኝ፤ ወዳጄ ነበርና በሐሰት መሰከርሁለት።»

ብርቄ ማስታወሻዋን ገለጠች። «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ። ከዚያ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

ኤፍሬም ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

«አሁን እሰሩኝ፤» አለ፤ ድምፁ የልቡ የደረሰለት ሰው ድምፅ ነበር። «አብረን ነው የምንሄደው።»