በሀጀር ስልክ ያልገባው ታክሲ

«አፑ አልገባም፤ ሞልቷል ይላል» አለች ሀጀር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ስልኳን ለሩሃማ እያሳየች። «ቆይ፣ ፎቶ ላጥፋለት።»

ሩሃማ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀምጣለች። ለሚኒስትሪ ፈተና መለማመጃ የሚሆን አፕ ከክፍል ጓደኛዋ ከእዝራ ጋር ሠርተው ጨርሰዋል፤ ነገ ክፍል ውስጥ አሳይተው ለልጆቹ ሊያድሉት ነው። እዝራማ ለቲቸር ደጀኔ «በየትኛውም ስልክ ይሠራል» ብሎ ፎክሯል። ሞክሮት ነው ብላ አምናው ነበር። ለካስ የሞከረው በወንድሙ አዲስ ስልክ ብቻ ኖሯል!

ሀጀር የእህቷን ሠርግ ፎቶዎች እየመረጠች ምልክት ታደርግባቸው ጀመር።

«ኧረ ተይ! የእህትሽ ሠርግ አይደል እንዴ?»

«ምን ላድርግ? ፈተናው ይብስብኛል።»

ሩሃማ ፊቷ ጋለ። ጥያቄዎቹ ጽሑፍ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው የአንድ ፎቶ ቦታ አይዙም። ቦታውን የበላው የእሷ ታክሲ ነው። አፑ ሲከፈት ሰማያዊ ሚኒባስ ከመገናኛ ይነሳና፣ እዝራ እንደ ረዳት «አያት! አያት! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ እየተንገጫገጨ አያት ይገባል። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጣ የሳለችው እሷ ናት። ያየው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።

«አታካብጂ» አለ እዝራ፣ ከኋላቸው ቆሞ ሲሰማቸው ቆይቶ። «ነገ በወንድሜ ስልክ እናሳያለን። ማን ያውቃል?»

«ሀጀር ታውቃለች። የክፍሉ ግማሽ የእሷን ዓይነት ስልክ ነው የያዘው።»

«ታክሲው ከሌለ ምኑን አፕ ሆነ? ደረቅ ጥያቄ!»

«እኔን አያንገበግበኝም መሰለህ? እጄ እስኪዝል የሳልኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። ያ የኋላ ጎማ! አልዞር ብሎ ስንቴ አስለቅሷታል። ታክሲውን ከነድምፁ አጠፋችው። ቀሪውን እንደገና አዘጋጅታ በብሉቱዝ ወደ ሀጀር ስልክ ላከችው።

ወዲያው ገባ። ሀጀር ነካችው፤ ነጭ ገጽ፣ ጥያቄ አንድ።

«ውይ! ተከፈተ!» አለች ሀጀር። የሠርጉ ፎቶዎች አንዳቸውም አልተነኩም።

«ሀጁ፣ ነገ ስልክሽን ታውሺናለሽ?» አለች ሩሃማ። «የምናሳየው በእሱ ነው።»

እዝራ የተሰነጠቀውን ስክሪን አየና ራሱን አከከ። ቲቸር ፊት የፎከረው ትዝ ሳይለው አልቀረም።

«እሺ በቃ» አለ በመጨረሻ። «ጥሪውን ግን እኔው በአፌ እጠራዋለሁ።»