የኢሽቤል ጥፋትና የመስኩ በር

ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኢሽቤል ነው። ኢሽቤል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ በስኮትላንድ ተራሮች መካከል፣ ባልናክሬግ በምትባል መንደር ጫፍ ላይ ነው። ከአባቷ፣ ከእናቷና ከወንድ አያቷ ከሄክተር ጋር ትኖራለች። አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ሞስ የሚባለውን ውሻቸውን አስከትለው በጎቹን ዞረው ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ አያቷ በጎቹን አይተው ከተመለሱ በኋላ፣ ኢሽቤል መኖ ልትሰጥ ወደ መስኩ ሄደች። ስትወጣ የመኪና ጥሩምባ ሰማች። ሸቀጥ ጭኖ መንደር ለመንደር የሚዞረው መኪና ነው። ከረሜላ አለው፤ ብዙም አይቆምም። የመስኩ በር ደግሞ አሮጌ ነው፤ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይገጥምም።

«ስመለስ እዘጋዋለሁ» አለችና ሮጠች።

እናንተም አንዳንዴ እንዲህ ትላላችሁ፣ አይደል?

ከረሜላዋን እየመጠጠች ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት በሩን ረሳችው። በጎቹ ወጡ። የጎረቤታቸውን የወይዘሮ መክፌይልን ጎመን ጨረሱት። አንድ ግልገልም ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሞተ።

አባቷ ግልገሉን ታቅፎ መጣ። ልብሱ እስከ ወገቡ ርሷል።

«በሩን ክፍቱን የተወው ማነው?»

ኢሽቤል ደነገጠች። «ከእኔ በኋላ አያቴ አልፈዋል» አለች።

አያቷ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «የዘጋሁት ይመስለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንጃ። ትናንትም መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልገው ነው የዋልኩት።»

«አይዞዎት አባባ፣ እርጅና ነው» አለ አባቷ። «ከእንግዲህ በጎቹን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ እሳትዎን ይሙቁ።»

እሑድ ጠዋት አያቷ አልወጡም። ሞስ ጅራቱን እየቆላ ደጃፉ ላይ ጠበቃቸው።

«ሂድ ወዲያ፣ እኔ እንኳን ላንተ ለራሴም አልሆንኩ» አሉት። ቆየት ብለው እናቷን «ምድጃውን አጥፍቻለሁ?» ብለው ጠየቁ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁ። ምድጃውን ግን ያን ቀን አልነኩትም።

ኢሽቤል የገንፎ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አያቴ፣ እርስዎ ዘግተውት ነበር። ክፍቱን የተውኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በእርስዎ አሳበብኩ።»

አባቷ ተቆጣ። «ግልገል ይሞታል፤ ያለ ነገር ነው። አባቴን ግን በገዛ ቤታቸው ሕፃን አደረግሻቸው።»

«ሌሊቱን ያንን በር በሐሳቤ ስዘጋው ነው ያደርኩት» አሉ አያቷ። «ሌላ ጊዜ ጥፋትሽን ራስሽ ተሸከሚው፣ የኔ ልጅ። ትከሻሽ ይችላል።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። የመክፌይልን ጎመን ግን እኔ አልክስልሽም» ብለው ሞስን ይዘው ወጡ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኢሽቤል ወይዘሮ መክፌይል ዘንድ ሄዳ እውነቱን ተናገረች።

«ጎመኑስ ይተከላል» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ ግን ሄክተር ጃጅቷል ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ያንን ወሬ ምን ልናደርገው ነው?»

ኢሽቤል ጎመኑን መልሳ ተከለች፤ ከዚያም በየቤቱ እየዞረች «አያቴ በሩን ዘግተውት ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። አንዳንዱ ሳቀባት፤ አንዳንዱ ገሠጻት። ጎመን ከመትከል ይልቅ ይህ ከበዳት። ግን አንድም ቤት አልዘለለችም።

ልጆች፣ ጥፋታችንን በሌላ ሰው ላይ ስናላክክ አንዱ ጥፋት ሁለት ይሆናልና፣ ያጠፋነውን ራሳችን እንናገር።