ቀለሙን ያደነቀ ዕለት

ሊፍቱ ከስድስተኛ ፎቅ ሲነሳ በውስጡ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አራተኛ ላይ ቆመ።

ግራጫ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ገባ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሰዓቴ ቆሟል።»

«የኔም።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። የገባው ሰውዬ አጎቴ ይባላል። የማንም አጎት አይደለም፤ የስለላ ስሙ ነው። ቀድሞ በሊፍቱ ውስጥ የነበረው ደግሞ ሚዛን ይባላል። ሚዛን ላለፉት ሦስት ዓመታት ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚህ ሰው ብቻ ነው።

ከአጎቴ እጅ አንድ ስልክ ወደ ሚዛን ኪስ ገባ። በሊፍቱ መስታወት ውስጥ የሚታዩት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

«አርባኛው ነው» አለ አጎቴ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ሠላሳ ዘጠኙ ትናንት ታድለዋል። ሁሉም በርተዋል። የሚጠብቁት ያንተን ቃል ነው። ጽሑፉን ስድስት ሰዓት ላይ አውጣው።»

«ሳልፈትሸው?»

«ምኑን ትፈትሸዋለህ? ራስህ የመረጥከው ስልክ አይደል እንዴ!»

ሁለተኛ ፎቅ ሊደርሱ ነው።

«እህትህ አሥራ ሰባት ቁጥር ናት» አለ አጎቴ። «ደህና ናት። ደስ ይበልህ ብዬ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ወጣ።

ሚዛንን ደስ አላለውም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። አጎቴ ደንብ አጥባቂ ነው። አንድም ቀን ዝንፍ ሲል ታይቶ አይታወቅም።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?

ሚዛን በማዶኞቹ ከተማ የሚኖረው የስልክ ገምጋሚ ሆኖ ነው። ማዶኞች የሚባሉት የጠላት አገር ሰዎች ናቸው፤ ሚዛንን የላከው የስለላ መሥሪያ ቤት ያወጣላቸው ስም ነው። ሽፋኑ የውሸት ሥራ አይደለም። አዲስ ስልክ ይመጣል፤ ይጥለዋል፣ ያሞቀዋል፣ ይመዝነዋል፤ ከዚያ ይጽፋል። ጽሑፉ በሚሠራበት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያነበዋል። ከነዚያ መሃል ሠላሳ ዘጠኙ በማዶኞቹ ቢሮዎች፣ ወደብና ሆስፒታል ውስጥ ተሰግስገው የሚሠሩ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የስልክ ግምገማ ያነበበን ሰው ማን ይጠረጥራል?

«ይገዛል» ብሎ ከጻፈ በአዲሱ ስልክ መልእክት መላክ ይጀምራሉ። «ይቆይ» ካለ ይጠብቃሉ። ቀለሙን ካደነቀ ግን ስልኩን ውሃ ውስጥ ይከቱና በዚያው ሰዓት ከከተማው ይወጣሉ።

ቀለም አድንቆ አያውቅም። ምልክቱን ያመጣችው ታናሽ እህቱ ናት። ከልጅነቱ ጀምሮ አንዱ እግር ላይ ቡናማ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ካልሲ አድርጎ ሲወጣ ስታይ «አንተ፣ ዓይንህን ታከም እንጂ!» እያለች ስትስቅበት ኖራለች። «ወንድሜ ቀለም ያደነቀ ቀን እኔ ሻንጣዬን ነው የማነሳው» ብላ ቀለደች። ቀልዱ ደንብ ሆኖ ቀረ። አሁን በማዶኞቹ ወታደራዊ ሆስፒታል ነርስ ናት። በዚህች ምድር ላይ ያለችው የሥጋ ዘመድ እሷ ብቻ ናት።

የግምገማ ክፍሉ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ትንሽ የዕቃ ሚዛን፣ የሙቀት መለኪያ፣ የውሃ ገንዳ፣ ስልክ ያለ ገመድ የሚሞላ ክብ ሰሌዳ። የክፍሉ ኃላፊ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት ናቸው። እሳቸው አንብበው ቁልፉን ሳይጫኑ አንድ መስመር ጽሑፍ አይወጣም።

«ታናሹን ዛሬ ትጨርስልኛለህ?» አሉት ገና ሲገባ።

«ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ።»

አምራቹ ሁለት ስልክ ነው ያወጣው። ውዱን በክፍሉ ውስጥ ታላቁ ይሉታል፤ መካከለኛውን ታናሹ። ታናሹ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ብዙ ነገር ተቀንሶበት ነው። የብረቱ ክፈፍ ፕላስቲክ ሆኗል። ሩቅ የሚያየው ሦስተኛ ካሜራ የለም። ያለ ገመድ አይሞላም። ውሃ አይችልም። ፍጥነቱና ባትሪው ግን ከታላቁ ብዙም አያንስም።

ገዢ የሚያማርርበት ሁሉ ለሚዛን ምርቃት ነበር። አንዲት ነርስ ታላቁን ይዛ ብትታይ «ከየት አመጣችው?» ይባላል። ታናሹን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ውሃ ሲገባበት ደግሞ በአርባ ሰከንድ ጸጥ ይላል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮታል። ለዚህ ነው የመረጠው።

ኮቱን ሊያወልቅ ፈለገ። እጁን ለማስለቀቅ ስልኩን ክቡ ሰሌዳ ላይ አኖረው። የገምጋሚ አመል ነው፤ ወደ ክፍሉ የሚገባ ስልክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

አረንጓዴ መብራት በራ።

ሚዛን አንድ እጁ በኮቱ እጅጌ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

ታላቁን በስህተት አንስቶ ይሆን? አላነሳም። ፕላስቲክ ክፈፍ ነው። ሁለት ካሜራ ነው። ያለ ገመድ የማይሞላ ስልክ ያለ ገመድ እየሞላ ነው።

መዘነው። ታናሹ መቶ ሰማንያ ሰባት ግራም ነው፤ ቁጥሩን በእንቅልፉ ቢጠይቁት አይስትም። የዕቃ ሚዛኑ መቶ ዘጠና አራት አለ።

እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ይተይባሉ። ሚዛን የጀርባውን ሽፋን በትኩስ አየር አሞቀና በቀስታ ገለጠው።

ከውስጥ ያለ ገመድ ለመሙላት የሚያገለግል የመዳብ ጥቅልል ነበር። የታላቁ የውስጥ ሽፋን። ከሥሩ ምስር የምታክል ጥቁር ቅንጣት ተለጥፋ፣ አንድ ቀጭን ሽቦዋ ወደ ድምፅ መቀበያው ይሄዳል።

ነገሩ ወዲያው ገባው። ማዶኞቹ የድምፅ መጥለፊያ ቅንጣታቸውን የሚያሰፍሩበት ቦታ በታናሹ ውስጥ አጡ። የታላቁን ሽፋን አምጥተው ገጠሙበት። የመዳቡን ጥቅልል ማውጣት ግን አልታሰባቸውም። ታናሹ ላይ ምን እንደተቀነሰ አላወቁም፤ ዛሬ የሚወጣውን የሚዛንን ጽሑፍ ቢጠብቁ ኖሮ ያውቁ ነበር።

ስልኮቹን የገዛው አንድ ሰው ነው። ያሸጋቸው አንድ ሰው ነው። ያደላቸውም እሱው ነው።

አጎቴ።

«ደህና ናት» ያለውም ለደስታ አልነበረም። እህቱን እንደያዘበት እየነገረው ነበር። ሠላሳ ዘጠኙ የት እንዳሉ ማዶኞቹ አሁን ያውቃሉ። ያልያዟቸው የሚላላኩትን መስማት ስለፈለጉ ብቻ ነው። ከ«ይገዛል» በኋላ አንድ ቀን ይሰማሉ። ከዚያ ያፍሳሉ።

ሚዛን ቅንጣቷን አልነካትም፤ ብትሞት ያውቃሉ። ሽፋኑን መልሶ ገጠመ፣ ስልኩን በስፖንጅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ቁጭ ብሎ ጻፈ። የተቀነሰውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። የመጨረሻውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበበው። እህቱ ታነበው ይሆን? አምላኬ፣ ታንብበው።

እትዬ ጽሑፉን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡ።

«አንተ!» አሉ። «ቀለም አደነቅክ?»

«ዓይኔ ገባ እትዬ።»

«ይኼ የዕቃ እጣቢ የመሰለው?»

«ፋብሪካው የማለዳ ጤዛ ነው የሚለው።»

«ጤዛም እንዲህ አድርጎ አያውቅም።» ሳቁ። «ይሁን፣ አንዴ እንኳ ደግ ቃል ጻፍክ። ባይሆን ምሳ እጋብዝሃለሁ።»

ቁልፉን ተጫኑ። ስድስት ሰዓት ነበር። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ሚዛን ስልኩን ከመሳቢያው አወጣ። በመልእክት መላኪያው ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ስልኩ የበራ ሁሉ አጠገቡ አረንጓዴ ነጥብ አለ።

አራት ደቂቃ ምንም የለም።

ከዚያ ስድስት ቁጥር ጠፋች። ሠላሳ አንድ። ሁለት። ዘጠኝና አሥር አንድ ላይ። የሆነ ቦታ አንድ የወደብ ጸሐፊ ስልኩን ባልዲ ውስጥ እየጣለ ነው። የሆነ ቦታ አንድ ሾፌር መኪናውን አቁሞ በእግሩ እየሄደ ነው።

ስድስት ከሃያ ላይ አንዲት ነጥብ ቀረች።

አሥራ ሰባት።

የጠዋት ተረኛ ናት። ስልኳ ቁምሳጥን ውስጥ፣ እሷ ቀዶ ሕክምና ክፍል። አላነበበችም።

በኪሱ ያለው የራሱ ስልክ ተንቀጠቀጠ።

«ቀለም?» አለ አጎቴ።

«ዓይኔ ገባ።»

«እህትህ ገና እንደበራች ናት። ታያታለህ አይደል? መኪናው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ‹የቀለሙ ነገር የጽሑፍ ስህተት ነበር› ብለህ አሁኑኑ አውጣ። እሷን አልነካትም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ እህቶችህ አይደሉም።»

ሚዛን ዘጋው። አንድ መስመር ነው የተጠየቀው። ግማሾቹ መንገድ ላይ አይተውት ይመለሳሉ፤ ተመልሰውም ይያዛሉ።

በራሱ ስልክ መደወል አይችልም፤ ቁጥሩን አጎቴ ያውቀዋል፣ ጥሪውን ያቋርጥበታል። የቀረው የእትዬ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ለደንበኞች አስተያየት የሚደወልበት መስመር ነው። ድምፁን እንደሚሰሙት ያውቃል። ጥሪው ከየትኛው ክፍልና ከማን ጠረጴዛ እንደተነሳ እንደሚደርሱበትም ያውቃል። የአሥራ ሰባትን የስልክ ቁጥር ከዝርዝሩ ላይ አነበበ።

ደወለ። አይነሳም።

ደግሞ ደወለ።

«ሄሎ?» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ስትወጣ ስልኩ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሲጮህ ሰምታ ሮጣ የመጣች ትመስላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምጿን አልሰማም ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ከስልክ ግምገማ ድርጅቱ ነው። ስለ አዲሱ ስልክዎ አስተያየት ለመጠየቅ ነበር።»

ከወዲያ የቁምሳጥኑ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ቀለሙን እንዴት አገኙት? እኛ በጣም ወደነዋል።»

ወንድሟን በድምፁ አውቃዋለች። እሱም ማወቋን አውቋል።

«ተሳስተዋል ጌታዬ» አለች። «እኔ እንዲህ ያለ ስልክ የለኝም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምንም አይደል።» ድምጿ መጨረሻው ላይ ሳሳ። ከበስተኋላ የቧንቧ ውሃ ሲለቀቅ ተሰማ።

ነጥቧ ጠፋች።

ሚዛን ቅንጣቷንና የመዳቡን ጥቅልል ነቅሎ ካልሲው ውስጥ ከተተ። ሊፍቱን ትቶ በደረጃው ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች ወደ ላይ ሲሮጡ አገኙት። ከማዶኞቹ ወገን መልኩን የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነው።

«የግምገማ ክፍሉ የት ነው?»

«ስድስተኛ። በስተግራ።»

ክፍሉ ባዶ ነው። እትዬ ምሳ ላይ ናቸው። ይህን ለራሱ ደጋግሞ እያለ ወረደ።

ውጭ በሩ ላይ ሦስተኛው ሰው ቆሞ የሚወጣውንና የሚገባውን ያያል። እትዬ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው መጡ።

«ወዴት ነው? ምሳህን ይዤልህ መጣሁ እኮ። እጋብዝሃለሁ አላልኩም?»

ሰውዬው ሁለት እርምጃ ያህል ነው የራቀው። «ወደ ላይ አይውጡ» ማለት ይቻል ነበር። በዓይን መጥቀስ ይቻል ነበር። እሱ ግን ይያዛል። ሠላሳ ዘጠኙ የሚወጡባቸው መንገዶች በሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ናቸው፤ ማዶኞቹም ከሰው አፍ ማውጣት ይችሉበታል።

«አሁን እመጣለሁ እትዬ» አለ።

«እንዳይቀዘቅዝብህ!»

እትዬ ሊፍቱን ጠርተው ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሚዛን በሰውዬው አጠገብ አልፎ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነጭ ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ቅንጣቷን በወረቀት ላይ እያንከባለለ ተቀበለው።

«አጎቴ ድንበር ላይ ተይዟል። ሠላሳ ስምንቱ ገብተዋል። አሥራ ሰባት በራሷ መንገድ ሄዳለች፤ እስካሁን ወሬዋ የለም። ትልቅ ሥራ ነው የሠራኸው።»

«ሴትዮዋስ?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ሚዛን ሊያስረዳ ጀመረ። ሹሙ በትዕግሥት ሰማው፤ ከፊቱ ባለው ዝርዝር ላይ ስማቸውን ፈለገ። አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስላልነበሩ የሚጠይቅላቸው የለም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሚዛን የሚባል ሰው የለም» አለው ሹሙ። «ከእህትህም ጋር፣ ብትገኝ፣ መገናኘት አይፈቀድም። ሁለታችሁንም ማዶኞቹ በድምፅ ያውቋችኋል።»

አሁን ማንም በማያውቀው ከተማ፣ በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተሰበረ የስልክ መስታወት ይቀይራል። ደንበኞቹ ወንድሜ ይሉታል፤ ስሙን የጠየቀው የለም። ምሳውን እዚያው ቆሞ ነው የሚበላው። ዳቦ ከገዛ ግን ሳይጨርሰው ይተወዋል።

ጽሑፉን ከመክፈት የተከለከለ ነው። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ከፈተው። ከሥሩ አንባቢዎች የጻፉት አስተያየት ተደርድሯል። ስለ ባትሪው። ስለ ካሜራው። ስለ ዋጋው። ከሁሉም ታች፣ ከሳምንት በፊት የተጻፈ፣ ስም የሌለው አንድ መስመር ነበር።

«ቀለሙ በጭራሽ አያምርም። ገምጋሚው ዓይኑን ይታከም።»

አፉን በእጁ ያዘ። ሳቁ አመለጠው፤ እንባውም አብሮ።

«ምን አገኘህ?» አለው ስልኩን የሚጠብቅ ደንበኛ።

«ምንም። የቀለም ነገር ነው።»

መልስ መጻፊያው ሳጥን ከሥሩ ክፍት ነበር። አልነካውም። ገጹን ወደ ታች ገፋው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ የክፍሉ ኃላፊ ስም የሚሰፍርበት መስመር አለ። የእትዬን ስም ፈለገ።

ሌላ ሰው ተጽፎበታል።

ገጹን ዘጋና የደንበኛውን ስልክ አነሳ። ታናሹ ነበር፤ የማለዳ ጤዛ።

«መስታወቱ እስከ ነገ ይደርሳል» አለው።