የምንትዋብ በር

ሲስተር ትርሲትና ሳጅን ጎሹ አብረው መሥራት የጀመሩ ሰሞን እሳትና ጭድ ነበሩ። አእምሮው የታወከ ሰው በገመድ እንጂ በምክር አይመለስም የሚል ፖሊስ፣ ገመድ ስታይ ደሟ ከሚፈላ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር በአንድ ፒክአፕ ሲጫን ሌላ ምን ይጠበቃል? ውለው አድረው ግን ተላመዱ። ጥሪ ሲመጣ እሱ ሽጉጡንና ዱላውን መኪናው ውስጥ ይቆልፍና ቆቡን በብብቱ ሸጉጦ ከኋላዋ ይከተላል። እሷ ቀድማ ትገባለች፤ በሽተኛው በገዛ እጁ በሩን እስኪከፍት ታባብላለች። ከዚህ በፊት እሷ ሳትደርስ ፖሊሶች በር ገንጥለው የገቡበት አንድ ልጅ ራሱን ከፎቅ ወርውሮ ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ከሞተባት ይህን ሥራ እንደማትችለው ታውቃለች።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ወደ ፉሪ ተጠሩ። ልጄ ምንትዋብ ቢላ ይዛ መኝታ ቤቷን ቆልፋለች፣ እህል ከቀመሰች ሰነበተች ብላ የደወለችው እናትየዋ ናት። ሲደርሱ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ሰማዩ አልተገለጠም። እገሌ አበደ ሲባል ሰፈሩ ነቅሎ በሚወጣበት አገር፣ እዚያ ደጅ አንድም ሰው አልቆመም። የጎረቤቱ በር ሁሉ ተቀርቅሯል።

«ሰዉን ምን በላው?» አለ ሳጅን ጎሹ።

«ዝናብ ነዋ» አለችው።

መብራት ጠፍቶ ሳሎኑ ጨልሟል። እናት፣ አባትና ጎረምሳው ወንድም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ግቡ ያለ የለም፤ ተቀመጡ ያለ የለም። ቤቱ የሚሸተው አዲስ እንደተቆፈረ አፈር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የከረመ ወጥ ሽታ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ በትሪ የቀረበው ምግብ ማንም ሳይነካው ሻጋታ አብቅሏል። እናትየዋ አላለቀሰችም፣ ልጄን አድኑልኝም አላለች።

«ታማለች» አለች። «አውጧት።»

እሷ ስትናገር የአባትየው ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ትርሲት አይታዋለች። ጭንቅ ሰውን ስንት ነገር ያደርገዋል ብላ አለፈችው።

ከመኝታ ቤቱ በር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታደርገው። የራሷን ስም ለልጅቷ ነገረቻት፣ ፖሊሱ መሣሪያ አለመያዙን ነገረቻት፣ ከዚያ መልስ ጠበቀች። ብዙ ቆይቶ ከወዲያ በኩል የተሰነጠቀ ድምፅ መጣ።

«እነሱ ቤተሰቦቼ አይደሉም።»

ትርሲት ይህን ሕመም አሳምራ ታውቀዋለች። ሰው የገዛ ወገኑን ፊቱን ለብሶ የመጣ ባዕድ አድርጎ ያየዋል። ስም አለው፤ መድኃኒት አለው። ልቧ ትንሽ ተረጋጋ።

«እንዲህ ሲሰማሽ በጣም ያስፈራል» አለቻት።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። እናቴ ነኝ የምትለውን የክርስትና ስሜን ጠይቂያት። ወለተ ሩፋኤል ካለች አሁኑኑ እወጣለሁ። በማርያም፣ ይቺን ብቻ!»

አንድ ቃል መጠየቅ ነበር። ነገር ግን ትርሲት ለስንቱ ጀማሪ ነርስ ስታስተምር የኖረችው፣ የበሽተኛን ቅዠት መፈተን ቅዠቱን መቀለብ ነው ብላ ነው። ዛሬ ስም ቢጠየቅ ነገ ሌላ ይመጣል።

ሳጅን ጎሹ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ብትጠይቂያትስ፣ እህት ዓለም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

«አንተም ልትታመምብኝ ነው?»

አፍሮ ቀና አለ።

«ምንትዋብ፣ ስሚኝ» አለች ትርሲት ወደ በሩ ዞራ። «ማንም አይነካሽም። ከአጠገብሽ አልለይም፤ እናቴ ትሙት!»

ቁልፉ ዞረ። የወጣችው ልጅ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ቢላውን በእጀታው በኩል አቀበለቻትና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ትርሲትን ደስታ እንባ በእንባ አደረጋት። እስከ ማታ የሚያስተኛ መርፌ ወጋቻትና ልጅቷን ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሳጅን ጎሹ ወደ ሆስፒታል ሊወስዳት ሲያቅፋት እናትየዋ፣ «በጓሮ በኩል ይሁን፤ ሰው እንዳያያት» አለች። የሚገባ ነገር ነው፤ ማን የልጁን ገመና በአደባባይ ያሰጣል? አባትና ወንድም በጨለማው ኮሪደር እየመሩት ገቡ። ትርሲት ልትከተል ስትል እናትየዋ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆመችባት።

«ያሳልፉኝ እንጂ፣ እናቴ። ከአጠገቧ አልለይም ብያታለሁ።»

ሴትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። ትንፋሿ አፈር አፈር ይላል። ያን ጊዜ ትርሲት ቀድሞ መጠየቅ የነበረባትን ጠየቀች።

«የክርስትና ስሟን... ማን ይሏታል?»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከኋላዋ፣ ከጨለማው፣ የሁለት ወንዶች ከንፈር ሲላቀቅና ሲገጥም ይሰማል።

«አንቺ ንገሪኝ» አለች። «ልያዘው።»

ትርሲት ጮኸች፤ ገፋቻት፤ ግድግዳ የመግፋት ያህል ነበር። ሌላ መንገድ ስታጣ በዋናው በር ወጥታ፣ «ጎሹ! ጎሹ!» እያለች ቤቱን ዞረች። ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች። የገዛ ብልጠቷን እየረገመች፣ እባክህ አምላኬ ይቺን ልጅ ብቻ እያለች እያለቀሰች ወደ ጓሮው ደረሰች። ከቤቱ ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ከውጭ በብረት ተቀርቅሯል። በአጥሩ ማዶ ያቆሙት ፒክአፕ ሞተሩ ተነሥቷል።

ሳጅን ጎሹ ቆቡን አስተካክሎ ደፍቶ፣ የመኪናውን በር ከፍቶላት ቆሟል። የኋላው ወንበር ላይ ምንትዋብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ተሽሎኛል፣ ሲስተር» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ ፈጦ።

«ግቢ፣ እንሂድ» አለ እሱ፤ እሱ ሲናገር የልጅቷ ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ።

ከተቀረቀረው በር ወዲያ ሳጅን ጎሹ ብረቱን በሁለት እጁ እየደበደበ፣ «እህት ዓለም፣ ልጅቷ እጄ ላይ ናት፣ ክፈቺልን!» ሲል ተሰማ።