ዘይቱ ከየት ነው የፈሰሰው?

ኤፍራታ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

የምትኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ ሙዝ በበዛበት ግቢ ውስጥ፣ ከእናቷ ጋር።

እናቷ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከብት ሲታመም፣ ጥጃ ሲያስለው፣ በነጭ ፒካፕ መኪና ትሄድለታለች።

ፒካፑ ከኋላ ገመድ ይጭናል፣ ባልዲ ይጭናል፣ የክትባት ሳጥን ይጭናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከፊት፣ ከእማዬ አጠገብ፣ ኤፍራታን ይጭናል።

እሑድ ዕለት እማዬ የፒካፑን ኮፈን ከፈተች። ኮፈኑ ሲከፈት መኪናው የሚያዛጋ ይመስላል፤ ሞተሩም ወለል ብሎ ይታያል።

ዓርብ ዕለት አባባ አንጁሎ አዲስ ዘይት ቀይረው ነበር። እማዬ ዘይቱ ልክ መሆኑን ማየት ፈልጋለች።

አባባ አንጁሎ ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። እማዬ «ጋሽ አንጁሎ» ትላቸዋለች፤ ኤፍራታ ግን «አባባ» ነው የምትላቸው።

እማዬ ገና ጎንበስ ስትል ስልኳ ቤት ውስጥ ጮኸ። ኤፍራታን ምንም እንዳትነካ ነግራት ወደ ቤት ገባች።

ኤፍራታ ሞተሩ አናት ላይ አንድ ጥቁር ክብ ክዳን አየች። ዘይት የሚጨመረው በዚያ ነው።

አዲስ ዘይት ማር ይመስላል ብለው አባባ አንጁሎ ነግረዋታል። ኤፍራታ ያንን ማር የሚመስል ዘይት ማየት አማራት።

ባልዲ ገለበጠችና ላዩ ላይ ቆመች። ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። ዙር፣ ዙር፣ ዙር።

ተከፈተ።

ወደ ውስጥ አየች። ጨለማ ነው። ማር የሚመስል ነገር የለም።

ወዲያው የእማዬ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ኤፍራታ ደነገጠች። ክዳኑን ቀዳዳው ላይ አስቀመጠችው፤ ሳታዞረው ከባልዲው ዘላ ወረደች።

እማዬ እየተጣደፈች መጣች። አንዲት ፍየል መውለድ አቅቷት ሰዎች እየጠሯት ነበር። ሞተሩን ሳታይ ኮፈኑን ዘጋችው። ዷ!

ኤፍራታ ክዳኑን ከፍታው እንደነበር መናገር ፈለገች። ግን እማዬ እንዳትቆጣት ፈራች።

ኤፍራታ ዝም አለች።

እማዬ ወደ ፍየሏ ሄደች። ፍየሏ ሁለት ግልገል ወለደች፤ እማዬም አመሻሽ ላይ ደስ ብሏት ተመለሰች። ፒካፑን ሙዙ ሥር አቆመችው።

ከፒካፑ ሆድ ሥር አንድ ነገር ይንጠባጠብ ጀመር።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ማንም አልሰማም።

በማግሥቱ ጠዋት እማዬ የክትባቱን ሳጥን በበረዶ ሞላችው። ከተራራው በላይ ባለ መንደር አርባ ጥጆች ክትባት ይጠብቃሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ገና ጎሕ ሲቀድ ሰብስበዋቸዋል።

እማዬ ወደ ፒካፑ ስትሄድ ቆም አለች። መሬቱ ላይ ጥቁር ነገር ተኝቷል፤ እንደ ትሪ የሰፋ።

በጣቷ ነካችው። ዘይት ነው።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ሞተር ያለ ዘይት ከሄደ ይቃጠላል። እማዬ መሄድ አልቻለችም።

ስልክ አነሣችና ለሥራ ባልደረባዋ ነገረች። ጋሽ አንጁሎ ዓርብ ዕለት ዘይት ሲቀይሩ አንድ ነገር ሳያጠብቁ ቀርተው ይሆናል አለች።

ኤፍራታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ጆሮዋ እንደ እሳት ጋለ።

ኤፍራታ ዝም አለች።

አባባ አንጁሎ ተጠርተው መጡ። በአንድ እጃቸው የመፍቻ ሣጥን፣ በሌላው ሰፊ ካርቶን ይዘዋል።

ሌላ ቀን ሲመጡ ኤፍራታን ሳያስቋት አያልፉም ነበር። ዛሬ ግን መሬቱን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

ገና ምንም ሳይነኩ እማዬን ይቅርታ ጠየቋት። ዘይቱን የቀየሩት እሳቸው ናቸውና ጥፋቱም የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ካርቶኑን አነጠፉና በጀርባቸው ተኝተው ከፒካፑ ሥር ገቡ።

ከታች አንድ ትልቅ ቡሎን አለ። ዘይቱ እንዳይፈስ የሚደፍነው እሱ ነው። በመፍቻ ሞከሩት። አልተነቃነቀም።

«ከዚህ አይደለም» አሉ።

ከጎን ደግሞ ዘይቱን የሚያጣራው ፊልትሮ አለ። በእጃቸው ጨበጡት። አልተነቃነቀም።

«ከዚህም አይደለም» አሉ።

አንድ ሙዝ የጫነ ጋሪ በበሩ ሲያልፍ ቆመ። ባለ ጋሪው ምን እንደ ተፈጠረ ጠየቀ። አባባ አንጁሎ ከፒካፑ ሥር ሆነው፣ እሳቸው የሠሩት ሥራ እንደ ተበላሸ ነገሩት።

ባለ ጋሪው ከንፈሩን መጠጠና ሄደ።

ኤፍራታ ከግቢው ሙዝ ተክል ኋላ ተደበቀች። በሰፊው ቅጠል ፊቷን ሸፈነች። ግን ሁሉም ነገር ይሰማታል።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

አባባ አንጁሎ ወጡና ጠሯት። መኪና ሲሠሩ ማየት እንደምትወድ ያውቃሉ።

«ነይ ልጄ። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከታች ወደ ላይ አይወጣም» አሏት። «ስለዚህ የጠፋብንን ቦታ ከላይ እንፈልገዋለን።»

ኤፍራታ መጣች። ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሣችም።

አባባ አንጁሎ ሞተሩን በብሩሽና በሳሙና አጠቡት፤ በጨርቅም አደረቁት። ከዚያ ኤፍራታን አንድ ጭብጥ የፉርኖ ዱቄት እንድታመጣ ላኳት።

ኤፍራታ ዱቄቱን በትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። ግማሹ ግን መንገድ ላይ ተበተነ።

አባባ አንጁሎ ዱቄቱን ሞተሩ ላይ ነሰነሱት። ፍፍፍ። ሞተሩ ነጭ ሆነ።

ውስጡ የቀረው ዘይት ለጥቂት ደቂቃ እንደሚበቃ ለእማዬ ነገሯትና ሞተሩን እንድታስነሣው አዘዟት። ድርርርርር።

እማዬም ወርዳ መጣች፤ ሦስቱም አጎንብሰው ጠበቁ።

ነጩ ዱቄት ላይ አንድ ጥቁር መሥመር ታየ። መሥመሩ እንደ ትል ወደ ታች ሄደ።

አባባ አንጁሎ መሥመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ወደ ላይ። ወደ ላይ። ወደ ላይ።

ጣታቸው ክቡ ጥቁር ክዳን ላይ ሲደርስ ቆመ።

በአንድ ጣት ብቻ ነካ አደረጉት። ክዳኑ ተሽከረከረ። ልል ስለነበር ሞተሩ በሠራ ቁጥር ዘይቱ በሥሩ ወደ ውጭ ይረጫል።

እማዬ ሞተሩን አጠፋች።

አባባ አንጁሎ ክዳኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የመፍቻ ሣጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ።

እማዬ ሰው ሁሉ እንደሚረሳ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አርባ ዓመት ስሠራ ክዳን ረስቼ አላውቅም» አሉ። «ይህ እጅ አርጅቷል። ከእንግዲህ የሰው መኪና አልነካም።»

ተነሡና መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሱ። ትልቁን። ትንሹን። ከሁሉም ትንሹን።

የእጃቸውን ጨርቅ አጥፈው ላያቸው ላይ አደረጉት።

ኤፍራታ አየች። ጆሮዋ ጋለ፣ ጉንጯ ጋለ፣ አንገቷ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወደ ቤት ሮጣ አልጋ ሥር መግባት ፈለገች። እግሯ ግን እምቢ አላት።

አባባ አንጁሎ የሣጥኑን ክዳን ያዙ። ሊዘጉት ነው።

ኤፍራታ የቱታቸውን እጅጌ ያዘች።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች። ድምፅዋ በጣም ትንሽ ነበር። «እኔ ነኝ።»

እማዬ ዞር አለች።

ኤፍራታ ሁሉንም ተናገረች። ባልዲውን፣ ክዳኑን፣ ማር የሚመስለውን ዘይት። ስታወራ እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ፤ አልጠረገችውም።

አባባ አንጁሎ ክዳኑን ስታስቀምጠው ስንት ጊዜ እንዳዞረችው ጠየቋት።

«አላዞርኩትም» አለች። «እላዩ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት።»

አባባ አንጁሎ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ። መዳፉን አዩ፤ ጀርባውን አዩ። ደረታቸው ውስጥ የታሰረ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ወጣ።

«እንግዲያው አልረሳሁም» አሉ፤ ለራሳቸው።

ከዚያ ኤፍራታን አዩአት። አልሳቁም፤ አልተቆጡምም።

«ከጠዋት ጀምሮ ለምን ዝም አልሽ?»

«አፍሬ» አለች ኤፍራታ።

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ አፍሬ ነው የዋልኩት» አሉ አባባ አንጁሎ። «ያንቺን እፍረት ተሸክሜልሽ ነበር፣ ልጄ። ከባድ ነው።»

ኤፍራታ ይህን ስትሰማ ከበፊቱ የበለጠ አለቀሰች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ይቅር እንዲሏትም ለመነቻቸው።

አባባ አንጁሎ ብብቷን ይዘው ቀና አደረጓት። ይቅር ብለዋታል።

እማዬም ቀረበች። ስልክ ላይ ስለ እሳቸው የተናገረችውን አልደበቀችም። ሳታጣራ አምታቸው ነበር፤ ሞተሩንም ሳታይ ኮፈኑን የዘጋችው ራሷ ናት። አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀች።

ከዚያም ወደ ባልደረባዋ እንደገና ደወለች። ጋሽ አንጁሎ ምንም እንዳላጠፉ አጥርታ ነገረችው።

አባባ አንጁሎ የመፍቻ ሣጥናቸውን ሳይዘጉ ተዉት። ባልዲውን ገለበጡና ኤፍራታን ላዩ ላይ አቆሟት።

ከጋራዣቸው ያመጡትን አዲስ ዘይት ቀስ ብለው አፈሰሱት። ፀሐይ ሲያገኘው ወርቃማ ሆነ፤ ወፍራም ሆኖ ወረደ።

ከዚያ ክዳኑን ለኤፍራታ ሰጧት። ፈርታ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«ያዢው» አሏት።

ያዘችው። ዙር። ዙር። ዙር። እስኪጠብቅ ድረስ አዞረችው። አባባ አንጁሎም በጣታቸው ሞከሩት። አልተነቃነቀም።

ከፒካፑ ሥር ንጹሕ ካርቶን አነጠፉ። እማዬ ሞተሩን አስነሣች። ድርርርርር።

ኤፍራታ በእንብርክክ ሆና ካርቶኑን አየች። ጠበቀች። እንደገና ጠበቀች።

አንድም ጠብታ አልወረደም።

በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። እማዬ የክትባቱን ሳጥን ጫነችና ኤፍራታን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

ፒካፑ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወጣ። ከታች የአርባ ምንጭ ሁለቱ ሐይቆች እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ።

መንደሩ ውስጥ ሰዎቹ ከጥጆቻቸው ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቋቸው። አንድ አዛውንት ለምን እንደ ዘገዩ እማዬን ጠየቋት።

ኤፍራታ ትንፋሿን ያዘች። አሁን ሁሉም ሰው ጥፋቷን ሊሰማ ነው ብላ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች።

እማዬ ግን መኪናው ዘይት አፍስሶ እንደነበርና ጋሽ አንጁሎ ፈልገው እንዳገኙት ብቻ ነገረቻቸው። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ኤፍራታ የእማዬን ቀሚስ ጫፍ ጨበጠች።

አርባዎቹም ጥጆች ተከተቡ። አንዷ ጥጃ የኤፍራታን ክንድ ላሰቻት። ምላሷ ሻካራ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ቤት ተመለሱ። በአባባ አንጁሎ ጋራዥ በር ሲያልፉ ኤፍራታ እንድትቆምላት እማዬን ለመነቻት።

አንድ ሰማያዊ መኪና ቆሟል። ከሥሩ ሁለት እግሮች ይታያሉ። አባባ አንጁሎ ሥራ ላይ ናቸው።

ኤፍራታ ቁጢጥ ብላ ደኅና እንዲያድሩ ነገረቻቸው። ከመኪናው ሥር «ደኅና እደሪ፣ ልጄ» የሚል ድምፅ መጣ።

ቤት ገብተው እራት በሉ። እማዬ የኤፍራታን እጅ በሳሙና አጠበች፤ ከጥፍሯ ሥር ያለው ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ።

«እማዬ» አለች ኤፍራታ፣ «አሁንም ትንሽ አፍራለሁ።»

«እኔም ትንሽ አፍራለሁ» አለች እማዬ።

እጅ ለእጅ ተያያዙ። እማዬ ያን ሁሉ መንገድ ነድታ፣ ያን ሁሉ ጥጃ ከትባ ደክሟት ነበር፤ ቀድማ እንቅልፍ ወሰዳት።

ኤፍራታ ቀስ ብላ ተነሣችና ብርድ ልብሱን እስከ እማዬ ትከሻ ድረስ ሳበችው። ከዚያ ተጠግታት ተኛች።