በሙጫ የተያያዘ ቤት

«ክፈቱ ብያለሁ!»

የበርጩማው እግር በሩን በስቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ፤ ተመዞ ወጣና እንደገና ገባ። እናት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እግሮቿን ከአልጋው ጋር አጣብቃ ባላት አቅም ሁሉ ትገፋለች። ገና የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ የሆነው ድንቡሼ አልጋው ሥር ገብቶ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዟል። እህቱ ሙጫ ደግሞ አልጋውን ወደ በሩ ታስጠጋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሙጫ የሚለውን ስም ያወጣላትም ማንም ሳይሆን ይኸው ከውጭ በሩን የሚሰብረው አባቷ ነው።

ታዲያ በዚያ ሰዓት ልጅቷ ምን አሰበች ብትሉ፣ ስለ በሩ! «ይሄ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሁለት ስስ ጣውላ፣ መሀሉ ባዶ። የቀዳዳውን ጠርዝ በመጋዝ ካላስተካከልኩት ልጣፍ አይዝልኝም» አለች በሆዷ። ወዲያው ራሷን ጠላች። አይ ጭንቅላት! እናትሽን ሊገድላት ነው፣ አንቺ ቆመሽ ልጣፍ ትለኪያለሽ?

በቀዳዳው እጅ ገባ። እየዳበሰ መቀርቀሪያውን አገኘውና ሳበው። በሩ ሲበረገድ እናትም አልጋውም ወደ ኋላ ሄዱ።

«ቁልፉን የት አደረግሽው?»

«ልጆቼ ይሙቱ፣ አላየሁትም!»

«ሱቁ በሰዓቱ ካልተከፈተ የሚባረረው ማን ነው? አንቺ ነሽ?»

መልስ ፈልጎ አልነበረም የጠየቀው። የበርጩማውን እግር አነሳ፤ እናት ፊቷን በክንዷ ጋረደች፤ እንጨቱ ክንዷ ላይ አረፈ። ድምፁ ደረቅ ነበር፣ የሰው ገላ የተመታ አይመስልም። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ሙጫ ወገቡ ላይ ተጠመጠመችበት። በክርኑ ደረቷን ብሎ ጣላት። ጭንቅላቷ ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተላተመና አፏን ደም ደም አላት።

ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

«አቤት ወንድም ጋሼ!» አለ አባት። እንጨቱን በአንድ እጁ እንደያዘ ድምፁ ማር ሆነ። «ኧረ በጣም ደህና ነን! ሁላችንም ቁጭ ብለን እየተጫወትን ነው። ነገ? በደስታ ነዋ! ምሳ ከእኛ ጋር ነው። እኔው ራሴ ፌርማታው ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ።»

የደወለው የእናት ታላቅ ወንድም ነበር። አባት ስልኩን ዘግቶ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሲከት እጁ እዚያው ቀረ። ከዚያው ኪስ የሱቁን ቁልፍ አወጣ። ቁልፉን አየው። እናትን አያት።

«ኪስህን እይ አትይኝም ነበር?» ብሏት ወጣ። የሰው ዓይን አውጣ!

ይህ ቤት የራሱ የሆነ ሥርዓት አለው። አባት ሰብሮ ሲወጣ ማንም ተቀምጦ አያለቅስም፤ ይጠገናል። እናት ትጠርጋለች፣ ድንቡሼ ስንጥሩን በፌስታል ይለቅማል፣ ሙጫ የዕቃ ሳጥኗን ከአልጋ ሥር ታወጣለች። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ጎረቤት ምን ይለን ይሆን እያሉ የጀመሩት ነገር ነው፤ አሁን እጃቸው ራሱ ለምዶታል።

ሳጥኑን ያየ ሰው ይቀናል። አባት የሚሠራው የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው፤ ደንበኛ የሚስቅለት፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ይቅርታ የምትባለዋ ቃል ግን ከአፉ ወጥታ አታውቅም። በምትኳ በማግስቱ ለልጁ አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ካቻቢቴው የመጣው ቴሌቪዥኑ በተወረወረ ጊዜ ነው። ፒንሳው የእናት ጥርስ የወለቀ ጊዜ። መዶሻው ደግሞ ድንቡሼ ወተት ደፍቶ ከወንበር ጋር የተገፋ ጊዜ። ልጅቷም ዕቃው ሲበዛላት እጇ ተፈታ። ሰጋቱራውን፣ የመጋዙን ብናኝ ማለት ነው፣ ከኮላ ጋር ለውሳ ስንጥቅ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትገዋለች። በመጨረሻ በወፍራም ሻይ ታቀልመዋለች። ከዚያ በኋላ የተሰበረው የቱ ጋ እንደነበር እሷ ራሷ ዳብሳ ካልሆነ አታገኘውም። የክፍል ጓደኞቿ «ሙጫ፣ የተሰበረ ልብ ትጠግኛለሽ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ዛሬ ግን መጀመሪያ የጠገነችው እናቷን ነው። የእናት ክንድ አብጦ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል።

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሄጄ ምን ልበላቸው?»

ሙጫ ከበሩ የረገፈውን ስስ ጣውላ በሁለት ቆረጠች፤ ጠርዙ እንዳይወጋ ፈተገችው፤ ክንዱን መሀል አድርጋ በሻርፕ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። የተሰበረ የወንበር እግር የምታስረው ልክ እንዲሁ ነው።

ከዚያ በሩ ሥር ተንበርክካ ቀዳዳውን ስትለካ እናቷ ማድ ቤት ሆና ስልክ ስትደውል ሰማቻት። በግራ እጇ መያዝ ስላስቸገራት ድምፁን ወደ ውጭ አድርጋዋለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ ስትመጣ እኔንም ልጆቹንም ይዘኸን ሂድ። ከእንግዲህ አልችልም።»

«ደግሞ ምን ተፈጠረ? አሁን ደውዬ እየተጫወትን ነው አለኝ እኮ።»

«በሩን ሰበረብን። እኔንም...»

«ስሚኝ እህቴ፣» አለ አጎቷ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁም የቁጣ አልነበረም። «ባለፈውም እንዲህ ብለሽኝ ሥራዬን ጥዬ መጣሁ። ወንበር ሰበረ አልሽኝ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩበት፣ ሲጥ እንኳን አላለም። ቁም ሳጥን ሰበረ አልሽኝ፤ ከፍቼ ዘጋሁት፣ እኔ ቤት ካለው ይሻላል። የተሰበረው የታለ? ትዳር ነው፣ መጋጨት ይኖራል፤ ነገር አታግንኚ። ነገ ሁለታችሁንም አስቀምጬ እመክራችኋለሁ።»

«እሺ» አለች እናት። ማስረዳት የሰለቸው ሰው እሺታ ነበር።

ሙጫ ሜትሩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያን ቀን ትዝ አላት። አጎቷ ወንበሩን ሲነቀንቀው በሩ ጋ ቆማ ታይ ነበር። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ እሷም «እሰይ ያዘልኝ!» ብላ በልቧ ጨፍራ ነበር። የእናቷን ፊት አላየችም። እናቷን ውሸታም ያደረገቻት ለካ እሷ ናት! አባቷ ይሰብራል፣ እሷ ደግሞ ምንም እንዳልተሰበረ ታደርጋለች። አለቀሰች፣ ድንቡሼ እንዳይሰማት አፏን በክንዷ ይዛ።

አመሻሽ ላይ አባት እያፏጨ ገባ። በብብቱ ካርቶን ይዟል። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ነበር፣ አዲስ፣ ከነጥርሶቹ። ሙጫ በሱቁ መስታወት እያየች ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች! እጇ ሳያስፈቅዳት ካርቶኑን ከፈተው። ዕቃው ቆንጆ ነበር፤ ደስ አላት። ደስ በማለቷ ደግሞ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

«ነገ አጎትሽ ሳይገባ በሩ አልቆ ልየው፣ ኢንጂነሯ» አላት፣ ፀጉሯን እያሻሸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካላለቀ እሱ ሲሄድ እኛ እንቀራለን። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ልጣፉ ደረሰ። ሙጫ ቀዳዳው ላይ ስታስገባው ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም እስከዛሬ ከሠራችው ሁሉ የበለጠ ነበር። የቀረው ኮላ መቀባት ብቻ ነው። አባት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ አጎቷን ሊቀበል ወደ ፌርማታው ወጣ።

«ቶሎ በይ ልጄ» አለች እናት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብ እየታገለች ስትለብስ። «ኮላው እንኳን ይደርቅ ይሆን?»

ሙጫ ልጣፉን አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ካቻቢቴውን አነሳች። ወደ ወንበሩ ሄዳ ገለበጠችው፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ እግሩን በሁለት እጇ ይዛ ስትጠመዝዘው ኮላው ጧ ብሎ ለቀቀ።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ሙጫ የቁም ሳጥኑን ጀርባ የያዘውን ልጣፍ በፒንሳ ነቅላ ጣለችው። ካላንደሩን ከግድግዳው አውርዳ፣ ሥሩ በስቱኮ የደፈነችውን የጡጫ ቀዳዳ በካቻቢቴው ጫፍ ጫረችው። ነጩ ዱቄት ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«አብደሻል? ይገድለናል እኮ! ልጄ፣ ሁላችንንም ነው የሚገድለን!» እናት በደህናው እጇ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ጋሼ ያላመነሽ በኔ ነው እማዬ። ሁሌ ስለምደብቅበት ነው። ዛሬ ይየው።»

እናት ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት አየች፣ ልጇን አየች። ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቅ። ከዚያ ክንዷን ለቀቀቻት፤ እሱም አንዴ ተሰብሮ የተጠገነው ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ሙጫ እግሩን መንቀል እንዲመቻት በደህናው እጇ ደግፋ ያዘችላት።

የአባት ሳቅ ገና ከበሩ ውጭ ይሰማ ነበር። ሲገባ ተቋረጠ። ከኋላው ብርቱካን በፌስታል የያዘው አጎቷ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ተገልብጧል፣ ጠረጴዛው አንድ እግሩ የለም፣ ከወዲያ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቀዳዳው አፉን ከፍቷል።

«ምንድን ነው ይሄ? ጦር መጣ እንዴ?» አለ አጎቷ።

የአባት ሳቅ ተመለሰ። «ይቺ ኢንጂነር ናታ! ትናንት መሰርሰሪያ ብገዛላት ቤቱን ፈታትታ ጠበቀችን። አይ ልጅ ማሳደግ!»

አጎቷም ሳቅ አለ። እንዲህ ቀላል ነበር። ሙጫ ብሎኖቹ ያሉበትን እጇን አየች፤ ዕቃ ስትፈታ የተያዘች ልጅ ትመስላለች፣ ሌላ ምንም አትመስልም። አባቷ መጥቶ ትከሻዋን አቀፈ። ከአንገቷ ሥር አውራ ጣቱ አጥንቷ መሀል ገብቶ ተጫናት።

«እውነት ነው፣ ሙጫ?» አላት አጎቷ፣ እየሳቀ።

ጣቱ ጠለቀ። አዎ ብትል ምሳ ይበላል፣ ምክር ይሰማል፣ እንግዳው ይሸኛል።

«አይደለም» አለች። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ስለወጣ ደገመችው። «አይደለም ጋሼ። የሰበረው አባዬ ነው። እኔ እየጠገንኩ ስደብቅለት ነው የኖርኩት። እማዬ አልዋሸችህም፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችም። ከብፌው ጋር ተጋጭታ መስታወቱ በላይዋ ረገፈ። አባት እንግዳ መኖሩን ረስቶት ነበር፤ እግሩን አንስቶ ሆዷን ሊል ሲል ብርቱካኖቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ አጎቷ ከኋላው አንገቱን አነቀው። ሁለቱ ሰዎች ግድግዳውን እየተላተሙ ዞሩ። አባት ዞሮ በቡጢ አፉን አለው፤ የአጎቷ ነጭ ኮሌታ በደም ተነከረ። ግን ግዙፍ ሰው ነው፤ አልለቀቀም። እየጎተተ ወደ ግቢ ወረወረውና በሩን ቆለፈበት።

«እህቴ ናት! ሰምተሃል? እህቴ ናት!» ይላል እያለከለከ። አባት ከውጭ በሩን በእግሩ መታ፣ ሰደበ፣ እንደገና መታ።

እናት የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። ሁለቱ ጣውላዎች በሻርፕ እንደታሰሩ ታዩ፤ በላይም በታችም ክንዷ ጠቁሯል። ሰውዬው አንዴ አየና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ወይ እኔ! ወንበሩ ላይ እኮ ተቀምጬ ነበር» አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ለፖሊስ እደውላለሁ። እነሱ እስኪደርሱ ልብሳችሁን ያዙ። ከእኔ ጋር ነው የምትሄዱት።»

እናት ሻንጣ ልታወርድ ገባች። ሙጫ ተነስታ ፀጉሯ ውስጥ የገባውን ስብርባሪ ስታራግፍ ድንቡሼ ከመኝታ ክፍሉ ብቅ አለ። በአንድ እጁ መጥረጊያ፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። ማንንም ሳያይ ብፌው ሥር ቁጢጥ ብሎ መስታወቱን መልቀም ጀመረ። ከውጭ የበሩ ምት አሁንም አላቆመም።

ሙጫ አጠገቡ ተንበረከከችና እጁን ያዘችው።

«ተወው ድንቡሼ።»

«ሰው ሳያይ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው፣ ፌስታሉን ከእጁ እየወሰደች። «ይታይ። ጫማህን አድርግ።»