እግር ያወጣው ገንዳ

«ምን አለ? ማይክ፣ ምን አለ?»

ስክሪኑ ላይ አንድ የመታጠቢያ ገንዳ አራት እግር አውጥቶ፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር እንደ ጫነ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል። ዳይሬክተሩ አረፋ ውስጥ ተቀምጦ ይጮኻል። ከግርጌው ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብልጭ ብለው ጠፉ። ማይክ አንብቧቸዋል። «አቁም፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው» ነበር የሚሉት።

«‹እኔኮ ስወለድም ሳሙና ነበርኩ› አለ» ብሎ ተረጎመ፣ መርፌውን በአዝራሩ ቀዳዳ እያሾለከ።

አሞራ በሳቅ ተንከተከተ። «እኔም ፊቱን ሳየው ጠርጥሬ ነበር።»

ማይክ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። አንድ ብሎ ቆጠረ በልቡ።

ያሉት የማይክ አክስት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ የተማሪ ዩኒፎርም። ቴሌቪዥኗ የጫማ ካርቶን ታክላለች፤ የተሰቀለችውም ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ በሁለት ጥቅል ጨርቅ መሀል ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ማይክ አርባ ሸሚዝ ላይ አዝራር ይተክላል። መርፌው እስካልቆመ ድረስ አክስቱ ማየት አትከለክልም።

የሚያዩት አንድ ቅጥ አምባሩ የጠፋ የጃፓን አኒሜ ነው። አንድ ልጅ የሚደብቀው ነገር ሁሉ እግር እያወጣ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለዋል። የወደቀበት ፈተና እየዘለለ ይመጣል። የሰበረው የአባቱ ሰዓት እያነከሰ ይመጣል። ልጁ ባደገ ቁጥር የሚከተሉት እየበዙ፣ እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ሠሪዎቹ ራሳቸው የገባቸው አይመስልም።

«ይሄ ልጅ ግን እናት የለውም?» አለች አክስቱ ከመኪናዋ ሳትነሳ። «ገንዳ ቤት ጥሎ ሲወጣ ዝም ትላለች?»

«እትዬ፣ እናቱም ባለፈው ክፍል ጃንጥላ ሆናለች» አለ አሞራ።

«እሰይ። ቢያንስ ዝናብ አይመታውም።»

ማይክ የሚለውን ስም ከማይክሮፎን ያወጣለት አሞራ ነው። ዓመቱን ሙሉ የአሥራ ሁለት ሰውና የአንድ ገንዳ ድምፅ በአማርኛ ሲያወጣ የኖረው ማይክ ነበርና። «ከዋናው ያንተ ይሻላል» ይለዋል አሞራ። ባለፈው ቅዳሜ ግን እናትየው ስትሰናበት «ልጄ» ሊል ሲል ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ ሌላው ጣሪያ ወጣ። አሞራ ከጠረጴዛው ሥር በስልኩ ቀዳው። ሰኞ ማታ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ለቀቀው።

ማክሰኞ ጠዋት አርባ ስምንት ተማሪ አርባ ስምንት ፍየል ሆኖ ጠበቀው። «ምኤኤ» ያላለው ጥቁር ሰሌዳው ብቻ ነበር፤ እሱም ማለቱን ማን ያውቃል። አሞራ ትከሻውን መታ አድርጎ «ቀልድ ነው ባክህ» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማይክ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ስም ሲጠራ እጁን ያወጣል። መምህር ሲጠይቀው አንገቱን ይነቀንቃል።

አሞራ የረሳው አንድ ነገር አለ። ዓይኑ ሩቅ አያይም። አሞራ የተባለው በረኛ ስለሆነና ስለሚበር ነው፤ ኳስ ባመለጠው ቁጥር ፀሐይዋን ይሰድባል፣ በደመና ቀንም ቢሆን። መነጽር ከታዘዘለት ስድስት ወሩ ነው። በካልሲ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል። ይህን የሚያውቀው ማይክ ብቻ ነው። ቁምሳጥኑ አናት ያለችውን የቴሌቪዥን ጽሑፍ አሞራ ቢሰቅሉትም አያነበውም፤ «ምን አለ?» ብሎ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ሰኞ ደግሞ አሞራ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ታሪክ ሊያቀርብ ነው። ከሃያ ይታረማል።

የመጨረሻው ክፍል ጀመረ። ልጁ መሮጥ ደክሞት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። የሚከተሉት ነገሮች ሁሉ ደርሰው ዙሪያውን ተቀመጡ፣ እንደ ደከማቸው ውሾች። ገንዳው ብቻ አልቆመም፤ በልጁ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ።

«እነዚህ የከበቡት ምንድን ናቸው?»

«ልብስ ሰፊዎች» አለ ማይክ፣ ፊቱ ሳይፈታ። «አዝራር ሊያደርጉት ነው። ይኸው፣ ሆነ። አባቱ ሸሚዙ ላይ ተከለው። ሸሚዙ በፈላ ውሃ ታጠበና አባትየውም አብሮ ጠበበ። አሁን ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይኖራሉ።»

አሞራ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ከባድ መልእክት አለው» አለ በመጨረሻ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

አክስቱ መኪናዋን አቁማ ማይክን አየችው። 

ሰኞ። የቋንቋ መምህርቷ አንድ ልማድ አላት፤ ተራኪ ከኋላ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ ድምፁ እስከ ፊተኛው ወንበር እንዲደርስ። አሞራ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከመጨረሻው ወንበር፣ ከማይክ አጠገብ ቆመ። አሳመረው። ሳሙናው ሲነሳ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው ሲጠብ መምህርቷ ራሷ አፏን ሸፈነች።

ማይክ የሚጠብቀው አንድ እጅ ነው። እጁም ወጣ። ላይብረሪ የሚሏት ልጅ ናት፤ ያላነበበችው፣ ያላየችው የለም።

«ቲቸር፣ አሁን ያለው የለበትም። እኔ ሁለቴ አይቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ጽሑፍ ይመጣል።»

«እስኪ ጻፊልን» አለች መምህርቷ።

ላይብረሪ ጉንዳን የሚያህሉ ፊደሎች ሰሌዳው ላይ ደረደረች። መምህርቷ ወደ ኋላ ዞረች። «ካየኸውማ ታስታውሰዋለህ። አንብብልንና ከታሪክህ ጋር አገናኘው።»

አሞራ ዓይኑን አጠበበ። አሰፋ። መልሶ አጠበበ። ከዚያ አንገቱን ሳያዞር፣ በከንፈሩ ጫፍ፣

«ማይክ፣ ምን ይላል?»

ማይክ እንዲህ ያማረ ነገር በሕልሙም አላለመም። አንድ ቃል በቂ ነው። «ፍየሉ እኔ ነኝ ይላል» ቢለው አሞራ ደረቱን ነፍቶ ጮክ ብሎ ይለዋል፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ፍየል ያገኛል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ጣፈጠው። ሊያንሾካሹክ ጎንበስ ሲል የአሞራን እጅ አየ። ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ካልሲውን ጨብጧል። ይጨብጠዋል እንጂ አያወጣውም። ማይክም ሳምንቱን ሙሉ ጉሮሮውን እንደዚያ ጨብጦ ነው የከረመው።

ተነሳ። ወንበሩ ተንቋቋ።

«‹ገንዳው ዛሬም እየሮጠ ነው› ይላል።» «እየሮጠ» ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ከመስኮቱ በኩል አንዱ «ምኤኤ» አለ። ማይክ ድምፁን አልቀነሰም። «መጨረሻውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ቲቸር። እሱ የነገርኩትን ነው ያወራው። ሳሙናውም የእኔ ነው።»

«ታዲያ ሃያውን ለማን ልስጥ?» አለች መምህርቷ።

ማይክ ተቀመጠ። ጆሮው ካውያ ሆኗል።

በእረፍት ሰዓት አሞራ ቧንቧው ጋ አገኘው። «ለምን ሸወድከኝ?»

«ለምን ቀዳኸኝ?»

አሞራ በጫማው ጠጠር ገፋ።

«ቅዳሜ ልምጣ?»

«ና። ግን ካልሲህ ውስጥ ያለውን ዓይንህ ላይ አድርገህ ነው የምትመጣው። ከአንደኛው ክፍል እንጀምራለን። የምታነበው አንተ ነህ፣ ጮክ ብለህ፣ ከእነ ገንዳው።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«እኔን ሰምተውኝ የለ?»

ቅዳሜ አሞራ ደጁ ላይ ግራ ቀኙን ገልምጦ ገባ። መነጽሩ ወፍራም ነው፤ ዓይኖቹን እንቁራሪት አስመስሏቸዋል።

«ውይ፣ ዓይን ነበረህ እንዴ?» አለች አክስቱ።

ማይክ የአዝራሩን ቆርቆሮ ጠጋ አደረገና የራሱን ስልክ ለቀረጻ ከቆርቆሮው ኋላ አቆመ። ቀይዋ ነጥብ በራች። ስክሪኑ ላይ ልጁ የመጀመሪያውን ነገር አልጋው ሥር ሲደብቅ ፊደሎቹ ብቅ አሉ፤ አሞራ እየተረጎመ መንተባተብ ጀመረ። «እ… እናቴ… እንዳ… ቆይ ጠፋብኝ።» ላብ አፍንጫው ላይ ችፍ አለ። መነጽሩ ተንሸራተተ። መለሰው።

ማይክ ቀይዋን ነጥብ አያት። ግሩፑ ውስጥ አርባ ስምንት ሰው አለ።

ቀረጻውን አቆመና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አልላከውም። አልሰረዘውምም። መርፌውን አንስቶ ክሩን ማስገባት ጀመረ።

«ጮክ በል» አለ፣ ድምፁ መሀል ላይ እየተሰነጠቀ። «አክስቴ አልሰማችም።»